የተጠየቅኩት እንዴት እንደሚሠራ ነው

ጥቅምት 9

ይድረስ ለጩጬዬ፣

ሰላምታው ከሁላችንም ነው። ከልጆቹም፣ ከእኔም፣ ከባለቤቴም። ዛሬ ጠዋት ሳየው "ጻፊላት፤ ሰላም በያት" ብሎኛል። ከሽቦ አጥሩ ወዲያ ቆሞ ማለት ነው።

"እውነት ታስሯል ወይስ ወሬ ነው?" ላልሽኝ፣ እውነት ነው። ክፉ ወሬ በገዛ እጄ ልልክልሽ አልሆነልኝም። ዛሬ ይለቁታል፣ ነገ ይለቁታል እያልኩ ሰነበትኩ፤ አንቺም ከሌላ ሰው አፍ ሰማሽው። ይቅር በይኝ። ስደውልልሽም "እትዬ፣ በስልክ አይሆንም፣ ጻፊልኝ" ብለሽ ስለዘጋሽው ይኸው እጽፋለሁ።

ባለታክሲውን መቼም አትረሺውም፤ የእሱን አብሮ አደግ፣ የሠርጌ ቀን ሲጨፍር ጫማው የተገነጠለበትን። በክረምቱ መጨረሻ ያቺን የእናንተ ድርጅት የሚሸጣትን ትልቋን መኪና ገዛ፤ ስምንት ሲሊንደሯን። "ሜዳ ላይ ግማሽ ሞተሯ ይተኛል፣ ነዳጅ አትጠጣም" ብለው ነው የሸጡለት። ደስታው ልክ አልነበረውም፤ እየዞረ ለሁሉ ያሳይ ነበር። ባለፈው ወር ሚስቱን ጎኑ አስቀምጦ፣ ተሳፋሪ ከኋላ ጭኖ፣ ዳገቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሊቀድም ወጣ። "ነዳጁን ረገጥኩ፤ መኪናዋ ግን አልሰማችኝም" ይላል። ከፊት ሌላ መጣበት። ሚስቱ እዚያው አለፈች። እሱ ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል።

የመኪናዋን ዘይት በዚያው ሰሞን ጋራዡ ውስጥ የቀየረላት የኔው ቀስ በቀስ ነው። የእናንተ ድርጅት ደግሞ "የማይስማማ ዘይት ተደርጎባታል፤ ዘይቱ ቆሽሾ መተላለፊያውን ደፍኖታል" ብሎ ለፖሊስ ጻፈ። የዘይቱ መያዣ በግጭቱ ተሰንጥቆ ዘይቱ አስፋልት ላይ ፈሶ ቀርቷል። ማን አይቶ፣ ማን መስክሮ?

እኔን የሚያንገበግበኝ ክሱ ነው። "ቀስ በቀስ" ያሉት እኮ አንዱን ብሎን ሦስት ጊዜ ስለሚያጠብቅ ነው! "እሱ ጋ የገባች መኪና ስትወጣ ሞዴሏ ያልፍባታል" እያለ አገር የሚስቅበት ሰው ዛሬ ቸልተኛ ተባለ።

ሁለት ነገር እፈልግብሻለሁ። አንደኛ፣ ይህ ግማሽ ሞተር መተኛት የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ አስረጂኝ። የወንበር ልብስ ሰፊ እንደሆንኩ አስበሽ አስረጂኝ፤ ጠበቃ የተባለው ልጅም ከእኔ የተሻለ አያውቅም። ሁለተኛውን ስልክ ላይ ጀምሬልሽ ነበር። ታውቂዋለሽ።

እህትሽ


ጥቅምት 23

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልጨርስ ነው እንባዬ የመጣው። ጋሼን ከሽቦ ወዲያ ማሰብ አቃተኝ። እኔን ያሳደጉኝ እጆች ናቸው። ልብስ ያንሳቸው ይሆን? የሚሞቅ ሹራብ በመኪና ልኬያለሁ፣ ደረሰ ወይ? ልጄ ደህና ናት፤ "አክስቴ መቼ ትመጣለች" ትላለች።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ።

ሲሊንደር ማለት አንድ ጠባብ ክፍል ነው በይ፤ በር ያለው። በአንዱ በር አየርና ነዳጅ ይገባል፣ በሌላው ጭስ ይወጣል። በሮቹን ቫልቭ እንላቸዋለን። ከበሩ ጀርባ ገፊ አለ። ካም የሚባል ዘንግ እየዞረ ገፊውን ይገፋዋል፣ ገፊውም በሩን ይከፍታል። ውስጥ ነዳጁ ሲቃጠል ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ መኪና የሚያስኬደው ያ ነው። ስምንት ሲሊንደር ካለ ይህ በስምንት ክፍል ይደረጋል።

ሜዳ ላይ በዝግታ ስትሄጂ ግን የስምንቱ ጉልበት አያስፈልግም። ስምንቱም ትንሽ ትንሽ ሲሠሩ፣ የአየር መግቢያው ጠቦ፣ በጠባብ ቀዳዳ እየሳቡ በከንቱ ይደክማሉ። አራቱ ቢያርፉና የቀሩት አራቱ በርትተው ቢሠሩ ነዳጅ ይተርፋል። ስለዚህ የመኪናው ኮምፒውተር ጉልበት እንደማይፈለግ ሲያይ ወደ አራቱ ገፊዎች የዘይት ግፊት ይለቃል። በእያንዳንዱ ገፊ ውስጥ እንደ በር መቀርቀሪያ የሆነች ትንሽ ፒን አለች። ዘይቱ ፒኗን ወደ ውስጥ ይገፋታል። ያኔ መቀርቀሪያው ተከፈተ ማለት ነው፤ ገፊው በራሱ ውስጥ ይሰበሰባል። ካሙ ይገፋል፣ ገፊው ይታጠፋል፣ በሩ ግን አይከፈትም። ነዳጁም ይቋረጣል። ፒስተኑ ግን አይቆምም፤ ከሌሎቹ ጋር የታሰረ ስለሆነ ይወጣል ይወርዳል። ተዘግቶበት የቀረው አየር ሲጨመቅ መልሶ ስለሚገፋው እንደ ስፕሪንግ ይሆናል፤ ብዙ ጉልበት አያባክንም።

ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ኮምፒውተሩ የዘይቱን ግፊት ያቋርጣል። ፒኗ በስፕሪንጓ ተገፍታ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ ገፊው ይጠነክራል፣ በሮቹ ይከፈታሉ፣ ነዳጅ ይገባል፣ አራቱም ይነቃሉ። ዓይን እስኪርገበገብ ነው፤ ሰው አያውቀውም። እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ዘይቱ ከቆሸሸ ወይም ውፍረቱ ካልተስማማ ግፊቱ በሰዓቱ ላይሄድ፣ በሰዓቱም ላይመለስ ይችላል። ይህ በእያንዳንዱ መኪና መመሪያ ላይ የተጻፈ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን ፊት ለፊት ስንገናኝ እናወራዋለን። አትቀየሚኝ እትዬ።

ጩጬሽ


ኅዳር 8

ጩጬዬ፣

ሹራቡ ደርሷል። ሰፍቶታል። ከስቷል ማለቴ ነው፤ ሹራቡማ ልኩ ነበር።

አጻጻፍሽ ግሩም ነው። ለልጆቹ ሳይቀር አነበብኩላቸው፤ ትልቁ ሁለት ጎማና አንድ ቆርኪ ይዞ "ይኸው ካሙ" እያለ አስረዳኝ። ለቀስ በቀስም ወስጄ ስነግረው ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝና "ጎበዝ ልጅ ናት፤ ልክ ብላለች" አለ። ቀጥሎ ምን እንዳለ ልንገርሽ። "ግን ይህ ሲሠራ ነው" አለኝ።

"ማለት?" አልኩት።

"ዘይቱ መመሪያው የሚለው ዘይት ነበር። ከታሸገው ነው የከፈትኩት። ዘይቱ ልክ ሆኖ ፒኗ ካልተመለሰች ችግሩ ከፒኗ ነው። ብረቱ ደካማ ከሆነ ጫፏ እየተመታ ይደፈጠጣል፤ ተደፍጥጣ ከገባችበት አትወጣም። ይህን ግን እኔ በምን ላሳይ? አንዲት መኪና ነው ያየሁት። ብዙ የሚያዩት እነሱ ናቸው።"

"እነሱ" ሲል አንቺን ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል። ወዲያው ደግሞ "እሷን አታስጨንቂያት፤ እንጀራዋ ነው" አለ። ያለበትን ረስቶ ያንቺን እንጀራ ያስባል።

ሆስፒታልም ሄጄ ነበር። ባለታክሲው ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያመጣሁትን አስቀምጬ ልወጣ ስል "ባልሽን እንደ ወንድሜ ነበር የማምነው" አለኝ። "አሁንስ?" አልኩት። ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳበ። የሚስቱን ሞት የነገሩት ከተቀበረች በኋላ ነው። ምን ይበለኝ?

እንግዲህ ፊት ለፊት እስክንገናኝ የሚጠብቅ ዳኛ የለም፤ ቀጠሮው በሚቀጥለው ወር ነው። ስለዚህ ሳላድበሰብስ እጠይቅሻለሁ። አንቺ የምትሠሪው ተበላሽቶ የተመለሰ ዕቃ በሚመረመርበት ክፍል ነው። እንዲህ ፒኗ የተደፈጠጠች፣ ዘይቷ ግን ንጹሕ የሆነ ሌላ መኪና አይተሻል ወይ? "አዎ" ወይ "የለም" በይኝ። ከዚያ ሌላ ቃል አልፈልግም።

እህትሽ


ኅዳር 25

ለእትዬ፣

አጭር ስለሆነች ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እንደምንም ብለሽ ራስሽን ጠብቂ። የወገብሽን ሕመም ችላ አትበይ፤ ስፌቱንም ቀነስ አድርጊ።

ትልቁ ልጅ በቆርኪ ማስረዳቱ አሳቀኝም አስለቀሰኝም። መሐንዲስ ይሆናል በይው።

ስለጠየቅሽኝ፣ እዚህ ሰው ሲቀጠር የሚፈርመው ነገር አለ። በሥራ ላይ ያየውን ውጭ እንዳያወራ ነው። ፈርሜያለሁ። የምኖርበት ቤት የድርጅቱ ነው፣ የልጄም ትምህርት ቤት በእነሱ ነው። ይህን ሁሉ የምታውቂው ነው። ብቻዬን መሆኔንም ታውቂያለሽ።

ሰሞኑን ለሥራ ከከተማ ስለምወጣ እስክመለስ አትጻፊልኝ፤ ደብዳቤው ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ። ጋሼን በርቱ በያቸው።

ጩጬሽ


ታኅሣሥ 17

ለሥራ የት እንደሄድሽ አየሁ።

ፍርድ ቤቱ ውስጥ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። ግራጫ ኮት ለብሰሽ፣ ፀጉርሽን ወደ ኋላ አስረሽ፣ ከድርጅቱ ጠበቃ ጋር ገባሽ። ቀስ በቀስ ሲያይሽ ፈገግ አለ። ለእሱ የመጣሽ መስሎት! ጎኑ የቆመውን ፖሊስ "የሚስቴ እህት ናት፣ እኛ ጋ ነው ያደገችው" ሲለው በጆሮዬ ሰማሁት። እኔም እውነት እልሻለሁ፣ ለአፍታ ደስ አለኝ። "ወይኔ እህቴን በከንቱ ሳማት ከረምኩ" አልኩ በልቤ።

ከዚያ ጠበቃቸው "የድርጅቱ ባለሙያ" ብሎ አስተዋወቀሽ።

ዳኛው "ይህ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው? ቀለል አድርገሽ አስረጂን" አሉሽ። አስረዳሻቸው። ክፍሉን፣ በሩን፣ መቀርቀሪያውን። ለእኔ እንደጻፍሽልኝ ቃል በቃል። ምነው፣ እኔ ላይ ነበር እንዴ የተለማመድሽው? ዳኛው በደንብ ገባቸው፤ "ግልጽ ነው" እያሉ ይጽፉ ነበር። "ዘይቱ ባይስማማስ?" ሲሉሽ "ላይነቃ ይችላል" አልሽ። እንዲሁ ነው ያልሽው፣ ድምፅሽ እንኳ ሳይንቀጠቀጥ።

የእኛን ጠበቃ ጎንበስ ብዬ "ዘይቱ ልክ ሆኖ የተበላሸ ሌላ መኪና አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለህ ጠይቃት" አልኩት። "መልሷን ታውቂያለሽ?" አለኝ። "አላውቅም፤ ጠይቄያት አልነገረችኝም" አልኩት። "እንግዲያው አልጠይቅም። 'በፍጹም አላየሁም' ካለች አበቃልን" ብሎ ተቀመጠ። አየሽ? ያቺን አንዲት ቃል በደብዳቤ ብትልኪልኝ ኖሮ ይጠይቅሽ ነበር። ምስጢር አውጪም አትባይም ነበር፤ ችሎት ፊት ተጠይቃ መለሰች ትባይ ነበር እንጂ።

አራት ዓመት ፈረዱበት። ሲወስዱት ዞር ብሎ አንቺን ፈለገ፤ በኋለኛው በር ወጥተሽ ነበር። በአንድ ከተማ አድረሽ፣ የእኔን ደጅ ሳትረግጪ ሄድሽ። ሆቴል ተይዞልሽ ይሆናላ።

ልጆቹ "አክስታችን መጣች ሲሉ ሰማን" ቢሉኝ "የምትመስላት ናት" አልኳቸው።


ጥር 4

እትዬ፣

መልስ ባትጽፊልኝም ይህን አንብቢው።

አንድም ቃል አልዋሸሁም። የተጠየቅኩት እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ የመለስኩትም እንዴት እንደሚሠራ ነው። "ቸልተኛ" የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። "ይህ ሰው አጥፍቷል" አላልኩም። እንድል ፈልገው ነበር፣ እምቢ ብያለሁ። ይህንን አንቺ አታውቂም። እኔ አልሄድም ብል ሌላውን ይልኩት ነበር፤ እሱ ደግሞ ከእኔ የባሰ ይል ነበር። ጋሼን የማውቅ እኔ ብሄድ ይሻላል አልኩ። አሁን ስጽፈው ሞኝነት ይመስላል፤ ያኔ ግን እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

አለቃዬ ጋሼ ዘመዴ መሆናቸውን አያውቅም። ብነግረው ኖሮ አይልከኝም ነበር ትይኛለሽ። ብነግረው ኖሮ ጠረጴዛዬንም አላገኘውም ነበር።

ደጅሽን ያልረገጥኩት ስለፈራሁሽ ነው። ሆቴሉ መስኮት ላይ ቆሜ የጋራዡን ቆርቆሮ ጣሪያ ሳይ አደርኩ።

የጠየቅሽኝን አሁንም አልመልስልሽም። አለመመለሴን ግን እንደ መልስ ውሰጂው። ከዚህ በላይ አልችልም።

ጩጬሽ


ግንቦት 20

እትዬ፣

ከጥር ወዲህ ሦስት ጊዜ ጽፌ አንዱንም አልመለስሽልኝም። ይገባኛል። ይህኛውን ግን ለጠበቃው አሳዪው።

ድርጅቱ በጋዜጣና በሬዲዮ ማስታወቂያ አውጥቷል። አምና የተሸጡት ስምንት ሲሊንደር መኪኖች በሙሉ ገፊዎቻቸው በነፃ ሊቀየሩ ነው። ምክንያቱን "የፒኖቹ ብረት ጥንካሬ መጓደል" ብለውታል። ሌላ አገር ሰው ስለሞተ ነው አሉ። አሁን ይግባኝ ማለት ይቻላል። አሁን መመስከርም እችላለሁ፤ የታወቀ ነገር ሆኗልና ማንም ምንም አይለኝም። ብጠየቅ "አዎ፣ ብዙ አይቻለሁ" እላለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ በሳጥን ሞልተው ነበር፣ ካለፈው ክረምት መግቢያ ጀምሮ። ባለታክሲው መኪናዋን ከመግዛቱ በፊት ማለት ነው።

ይኸው ነገርኩሽ።

የዓመት ፈቃድ አለኝ። በክረምቱ ልጄን ይዤ ልምጣ ወይ? ጋሼ እንዴት ናቸው? የባለታክሲውስ ነገር? እኔን ስላልሽኝ ነገር ሁሉ አልተቀየምኩም።

ጩጬሽ


ሐምሌ 11

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለልጅሽም።

አልተቀየምኩም ማለትሽን አየሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ወሬውን ከአንቺ ደብዳቤ በፊት ሰምተነው ነበር። አብሮት የታሰረ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ነው የሰማው፤ ተነስቶ "ቀስ በቀስ! ያቺ መኪናህ ሬዲዮ ላይ ወጣች!" ብሎ ሲጮኽ ግቢው በሙሉ ተደባለቀ አሉ። ጠበቃው ይግባኙን በጋዜጣው ማስታወቂያ አስገባ። አንቺን አልጠራሽም። እኔ ነኝ አትጥራት ያልኩት። ሁሉም ያወቀውን ነገር ለመናገር ያን ያህል መንገድ ምን ያደክምሻል?

ወጥቷል። "ጋሼ እንዴት ናቸው" ላልሽው፣ ደህና ነው። ጋራዡ ግን የለም። እሱ በተፈረደበት ሰሞን ነው አከራዩ ለሌላ የሰጠው፤ ማሽኔን ወደ ቤት አምጥቼ ሳሎን ውስጥ እሰፋለሁ። እሱ ከአደባባዩ ማዶ ካለው ጎሚስታ ጋር ገብቶ ጎማ ይለጥፋል። "ለምን ጋራዥ አትቀጠርም? ነፃ ወጥተህ የለም እንዴ" ስለው "ጎማ ነፍሱ የምትታይ ነው፤ ውኃ ውስጥ ትነክሪዋለሽ፣ የት እንደቀደደ ይነግርሻል" አለኝ። አንድ ቀን ሰው መጥቶ "ሞተሬን ስማልኝ" ቢለው እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ሰምቼ አላውቅም" ብሎት ዞረ። ሠላሳ ዓመት የሠራበትን ሥራ ሰምቼ አላውቅም አለ። እዚያው ቆሜ ነበር።

ባለታክሲው መጥቶ ነበር። በምርኩዝ። ደጃፉ ላይ ቆሞ መግባት ፈራ። ቀስ በቀስ ወጥቶ አየውና በብብቱ ደግፎ አስገባው። ሁለቱም ሲያለቅሱ አመሹ፤ እኔ ልጆቹን ይዤ ጎረቤት ሄድኩ። "ሚስቴን የገደላት አንተ መሆንህን አምኜ ነበር፤ እንዴት ብዬ ይቅርታ ልጠይቅህ?" ሲለው ሰምቻለሁ። "የነገሩህን አመንክ፤ ነጋሪው በደንብ ነው ያስረዳው" አለው የኔ ሰው። ስምሽን አላነሳም።

ደብዳቤሽን ግን ለባለታክሲው አላነበብኩለትም። ከመግዛቱ በፊት ሳጥኑ ሞልቶ እንደነበር አልነገርኩትም። ይወቀው ብዬ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። ሚስቱን ሁለተኛ እንዲቀብራት ነው? ለአንቺ ብዬ አይደለም። ለእሱ ብዬ ነው። እንዳይመስልሽ።

መምጣትሽን ለቀስ በቀስ ነገርኩት። "ትምጣ እንጂ። ልጅ ያዘች፣ ምን ታድርግ? ልጄ ናት" አለ። ልጆቹም ያቺን የአክስታቸውን ልጅ የት እንደሚያስተኟት ከአሁኑ ተጣልተዋል። ክረምቱ ከባድ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ የሚሸፍን ጫማ አድርጊላት።

ስትመጪ አንድ ነገር አደራ። እንዴት እንደነበር ልታስረጂኝ አትቀመጪ። ማስረዳት ከጀመርሽ ተነስቼ እወጣለሁ፣ ቤቱ የእኔ ቢሆንም።

"ትምጣ" ያለው እሱ ነው። እኔ አላልኩም። በሩን የምከፍተው ግን እኔ ነኝ፤ እከፍትልሻለሁ።